ትርጉም ሆኖ የተወለደ ቲያትር፦ የጥንቷ ሮማ ኮሜዲ እና የዛሬ ተርጓሚዎቹ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛውና በ2ኛው መቶ ዓመት በሮማ መድረክ ላይ ከቀረቡት ኮሜዲዎች መካከል ዘመን ተሻግረው እኛ ዘንድ የደረሱት የሁለት ሰዎች ሥራዎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የፕላውተስ 20 ተውኔቶች ከአንድ ተጨማሪ ተውኔት ቁርጥራጭ ጋር፣ እንዲሁም የቴሬንስ 6 ተውኔቶች ናቸው። ሁሉም የተጻፉት በላቲን ነው፤ የቀረቡትም ለሮማ ሕዝብ ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩ የሚፈጸመው በአቴንስ ወይም በሌላ የግሪኮች ከተማ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ የሚጠሩት በግሪክ ስም ነው፤ ልብሳቸውም የግሪክ ልብስ ነው። ሮማውያን ይህን የተውኔት ዓይነት «ፋቡላ ፓሊያታ» ይሉት የነበረው ግሪኮች በትከሻቸው ላይ ከሚያጣፉት፣ «ፓሊየም» ከሚባለው ኩታ መሰል ልብስ ወስደው ነው። «ፋቡላ» ተረት ወይም ተውኔት ማለት ሲሆን፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ለመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሰጡት ስም ይኸው የላቲን ቃል ስለሆነ ለአገራችን የቲያትር አንባቢ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

እነዚህ ተውኔቶች እንዲህ ያለ መልክ የያዙት ከግሪክ ወደ ላቲን የተመለሱ በመሆናቸው ነው። ስለዚህ ዛሬ የፕላውተስን ወይም የቴሬንስን ሥራ ወደ ሌላ ቋንቋ ለመመለስ የሚነሣ ሰው የሚተረጉመው፣ ራሱ አንድ ጊዜ የተተረጎመን ሥራ ነው። ይህ ነገር የተርጓሚውን ሥራ ያከብደዋል፤ ግን ደግሞ መንገድ ያሳየዋል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ተርጓሚዎች እንዴት እንደ ሠሩ በከፊል እናውቃለን። እኔ እንደማምነው ከእነርሱ የምንማረው፣ ቃል በቃል ብቻ የታመነ ትርጉም ለኮሜዲው እንዳልታመነ ነው። ሳቁን ብቻ ወስዶ ከሳቁ ሥር የተጋደመውን የባርነት ጭካኔ የሚያጥብ ትርጉምም ቢሆን የሚያጎድለው ከዚያ ያነሰ አይደለም።

መነሻው ሮማ በሰሜን አፍሪካ ከነበረችው ከካርታጎ ከተማ ጋር ያደረገችው የመጀመሪያው ጦርነት ካበቃ በኋላ ባለው ዓመት፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ240 ነው። በዚያ ዓመት በመስከረሙ ታላቅ በዓል ላይ ሊቪየስ አንድሮኒከስ የተባለ ትውልዱ ግሪክ የሆነ ሰው ከግሪክ የተመለሰ ተውኔት በላቲን አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ተውኔት የበዓላት አካል ሆነ። ወጪውን የሚችሉትና ዝግጅቱን የሚመሩት የከተማዋ ሹማምንት ሲሆኑ፣ ሕዝቡ የሚመለከተው ያለ ክፍያ ነበር። መድረኩ ለበዓሉ በእንጨት ተሠርቶ በዓሉ ሲያልፍ የሚፈርስ ነበር፤ ሮማ ቋሚ የድንጋይ ቲያትር ያገኘችው የጦር መሪው ፖምፔይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ55 ካስገነባው በኋላ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ቴሬንስ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት ነበር። ትዕይንቱ ሁልጊዜ አንድ መንገድ ነው፤ ከመንገዱ ኋላ ወደ ቤቶች የሚያስገቡ እስከ ሦስት የሚደርሱ በሮች አሉ፤ የሴቶቹን ሚና ጭምር የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው።

ተመልካቹ ምን ዓይነት እንደነበረ ከተውኔቶቹ መቅድም መረዳት ይቻላል። በአንዱ የፕላውተስ መቅድም ላይ ተናጋሪው ሞግዚቶች ሕፃናትን ይዘው እንዳይመጡ፣ ባሮች ለነጻ ሰዎች የተዘጋጀውን ቦታ እንዳይዙ፣ እመቤቶችም ዝም ብለው እንዲመለከቱና ድምፃቸውን ሳያሰሙ እንዲስቁ ያዝዛል። እንዲህ የሚታዘዘው ሞግዚቱም ባሪያውም እመቤቲቱም በቦታው ስላሉ ነው። ሕዝቡ ካልተማረከ ተነሥቶ ይሄዳል። የቴሬንስ «አማት» የተሰኘው ተውኔት በመጀመሪያው ጊዜ ቡጢኞችና በገመድ ላይ የሚሄድ ሰው መጡ በመባሉ፣ በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ግላዲያተሮች ሊታገሉ ነው የሚል ወሬ በመሰማቱ ተቋርጦ፣ እስከ ፍጻሜው የታየው በሦስተኛው ሙከራ ነው።

ታሪኮቹ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። አንድ ወጣት አንዲት ሴት ያፈቅራል፤ ሴቲቱ ብዙ ጊዜ በደላላ እጅ ያለች ባሪያ ወይም በገንዘብ የምትኖር ሴት ናት፤ ወጣቱ ገንዘብ የለውም፤ አባቱ ቆንቋና ነው፤ ብልሁ የቤት ባሪያ አባትየውን ወይም ደላላውን አታሎ ገንዘቡን ያገኛል። በዚህ ዙሪያ ጉረኛ ወታደር፣ ለሆዱ ሲል የሚያሞግስ ጥገኛ፣ አንዳንድ ጊዜም ከሕፃንነቷ ጀምሮ የጠፋች ልጅ ነጻ ተወላጅ መሆኗ የሚታወቅበት ምልክት ይጨመራል። ተመልካቹ የታሪኩን ፍጻሜ ገና ከመጀመሪያው ይገምታል፤ ደስ የሚለው ወደዚያ የሚደርስበት መንገድ ነው።

ፕላውተስ የተወለደው በመካከለኛው ኢጣልያ ሳርሲና በተባለች ከተማ ሲሆን የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ184 ነው። ቋንቋው የተትረፈረፈ፣ በስድብ፣ በመሐላና በአዲስ ቃላት የተሞላ ነው። ቴሬንስ ግን የተቆጠበ፣ የሰውን ጠባይ በዝግታ የሚገልጥ ጸሐፊ ነው። የሮማው የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ስዌቶኒየስ እንደሚለው ቴሬንስ የተወለደው በካርታጎ ነው፤ ሮማ ውስጥ የአንድ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ባሪያ ነበር፤ ጌታው አስተምሮ ነጻ አወጣው። «አፌር» የሚለው የስሙ ክፍል አፍሪካዊ ማለት ነው። ከ166 እስከ 160 ባሉት ዓመታት ስድስት ተውኔቶችን አቅርቦ በ159 በወጣትነቱ ሞተ። ለብዙ መቶ ዓመታት የአውሮፓ ልጆች ጥሩ ላቲን የተማሩት በዚህ ከአፍሪካ በመጣ ባሪያ ጽሑፍ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ፕላውተስ ስለ ትርጉም ሥራው የሚናገረው በግልጽ ነው። በአንድ መቅድም ላይ «ፊሌሞን ጻፈው፣ ፕላውተስ ወደ አረመኔ ቋንቋ መለሰው» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገኛል። ፊሌሞን ግሪካዊው የተውኔት ደራሲ ነው፤ ፕላውተስ አረመኔ ቋንቋ ያለው የራሱን ላቲን ነው፤ በግሪኮች ዓይን ላቲንም የአረመኔ ቋንቋ ስለነበረ ይህን አጠራር ወስዶ ሕዝቡን አሳቀበት። ነገር ግን «መለሰው» ሲል ምን ማድረጉ እንደነበረ ለረጅም ዘመን ማወቅ አልተቻለም፤ የግሪኮቹ የመጀመሪያ ጽሑፎች ጠፍተው ነበርና። መልሱ የመጣው ከግብፅ አሸዋ ነው። በኦክሲሪንከስ ከተገኙት የፓፒረስ ቁርጥራጮች መካከል የግሪካዊው የሜናንደር «ድርብ አታላይ» የተሰኘ ተውኔት ጥቂት ስንኞች ተገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ይፋ ሲሆኑም የፕላውተስ «ባኪዴስ» መነሻ መሆናቸው ታወቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግሪኩንና ላቲኑን ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ተቻለ።

ያ ንጽጽር ያሳየው ነገር ለዛሬ ተርጓሚ ትልቅ ትምህርት ነው። ፕላውተስ አባትና ልጅ የሚነጋገሩባቸውን ሁለት ክፍሎች ቆርጦ ጥሏል። በሮማ መድረክ በትዕይንቶች መካከል የሚዘፍን የመዘምራን ቡድን ስለሌለ የግሪኩን ዕረፍት አስወግዶ ታሪኩ ሳይቋረጥ እንዲሄድ አድርጓል። በግሪኩ በተራ ንግግር የሚካሄደውን የሁለቱን ጓደኛሞች መገናኘት በሙዚቃ የሚታጀብ አድርጎታል። የገጸ ባሕርያቱን ስም ለውጧል። በግሪኩ ሲሮስ የሚባለው ባሪያ በላቲኑ ወርቅ የሚል ትርጉም ያለበት ክሪሳለስ የሚል ስም ተሰጥቶታል፤ ይህም ባሪያ በመድረክ ላይ ሆኖ «ከጌቶቻቸው ሁለትና ሦስት ሚና ብቻ የሚሰርቁት እነ ሲሮስ እኔን ደስ አይሉኝም» እያለ ይታበያል (ሚና እዚህ ላይ የግሪኮች ገንዘብ ነው)። ፕላውተስ በሜናንደር የነበረውን ስም ጥሎ፣ ያንኑ ስም መልሶ መሳለቂያ አደረገው ማለት ነው። እንዲህ የሚያደርግ ተርጓሚ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያልገባው ሰው አይደለም፤ ከጽሑፉ ጋር የሚወዳደር ሰው ነው።

በዚሁ ተውኔት ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ወጣቱ የሚያፈቅራት ሴት ከጓደኛው ጋር ሆና የከዳችው መስሎት ይቆጣና ሊበቀላት ይምላል። የላቲኑ ዓረፍተ ነገር ቃሉን እስከ መጨረሻ ይዞ ይቆያል፤ ተመልካቹ ዛቻ ሲጠብቅ የመጨረሻው ቃል ፍቅር ሆኖ ይወጣል። ግሱን ቀድመው ለመናገር በሚገደዱ ቋንቋዎች ይህ ቀልድ ብዙ ጊዜ ይሰበራል፤ አማርኛ ግን ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር የሚያስቀናው የለም፦ «እኔ ያችን ሴት በሚቻለው መንገድ ሁሉ፣ አንድ እንኳ ሳላስቀር፣ ዓይን ባወጣ ሁኔታ ካል... ወደድኳት፣ ከእንግዲህ ስምል ማንም አይመነኝ»። ተዋናዩ «ካል» ብሎ ትንፋሽ ቢወስድ ፕላውተስ የፈለገው ሳቅ ይመጣል። ከጥቂት ስንኞች በኋላ ወጣቱ እንደገና ይዝትና ልመና እስክትወጣ ድረስ እንደማይለቃት ሊናገር ሲል፣ ለማኝ ሆኖ የሚቀረው አባቱ መሆኑ በመጨረሻው ቃል ይገለጣል። እዚህ ላይ አማርኛ ያስቸግራል፤ የላቲኑ ግስ ወንድና ሴት ሳይለይ ሲያልፍ የእኛ «እስክትለምን» ወይም «እስኪለምን» ምሥጢሩን አስቀድሞ ያወጣዋል። መፍትሔው ጾታ የማይለይ አነጋገር መፈለግ ነው፦ «ለልመና ሳልዳርግ አላርፍም... አባቴን!» ኮሜዲን መተርጎም ማለት ከዚህ ዓይነቱ ትንሽ ነገር ጋር ሙሉ ቀን መዋል ነው፤ ምክንያቱም ሳቁ አንድ ቃል ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከመጣ የለም።

ሌላው ትልቅ ችግር ሙዚቃው ነው። የሮማ ኮሜዲ ዛሬ በወረቀት ላይ ስናነበው ተራ ንግግር ይመስላል እንጂ በተለይ የፕላውተስ ተውኔቶች አብዛኛው ክፍል የሚቀርበው በጥንድ ቧንቧ በሚነፋ ሙዚቃ ታጅቦ ነበር። በአንዳንድ ተውኔቶች መግቢያ ላይ የሙዚቀኛው ስም ተጽፎ ቀርቷል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ200 ለቀረበው «ስቲከስ» ዜማውን የሠራው የኦፒየስ ባሪያ ማርሲፖር፣ ለቴሬንስ ተውኔቶች ደግሞ የክላውዲየስ ባሪያ ፍላከስ ናቸው። ዜማው ጠፍቷል፤ የቀረልን የስንኞቹ ምት ነው። ያም ምት በቃላት መጨረሻ ቤት በመምታት ሳይሆን ረጅምና አጭር ቀለሞችን በማፈራረቅ የሚሠራ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ያለ ሙዚቃ ሲናገሩ አንድ ዓይነት ምት፣ ስሜቱ ሲግል ሌላ ረጅም ምት፣ ሲዘፍኑ ደግሞ የተደበላለቀ ምት ይጠቀማሉ፤ ተመልካቹ ቧንቧው ሲጀምርና ሲያቆም ብቻ በመስማት የነገሩ መንፈስ መለወጡን ያውቃል። ሁሉንም በዝርው የሚተረጉም ሰው ይህን ምልክት በሙሉ ያጠፋዋል።

አማርኛ የላቲንን ረጅምና አጭር ቀለም መኮረጅ አይችልም፤ መሞከርም የለበትም። ነገር ግን የራሱ ምጣኔዎች አሉት፤ አራት አራት ቀለም የሚቆጥረው «ቡሄ በሉ»፣ አምስት አምስት የሚቆጥረው «ሰንጎ መገን»፣ ስድስት ስድስት የሚቆጥረው «ወል ቤት» አሉ። ያለ ሙዚቃ የሚነገረውን ክፍል በዝርው፣ ባሪያው ሲሮጥና ሲያሤር በአጭሩ ምጣኔ፣ ፍቅረኛው ሲያዝን በረጅሙ እየለዩ መተርጎም ቢቻል፣ ዜማው ባይመለስም የመለዋወጡ ሥርዓት ይመለሳል። የእኔ ፍርድ ከተጠየቀ፣ ተርጓሚው ከሁሉ አስቀድሞ ሊወስን የሚገባው ነገር ይህ ነው።

ስለ ስሞችና ስለ ፉከራ አንድ ምሳሌ ላንሣ። «ጉረኛው ወታደር» በተሰኘው የፕላውተስ ተውኔት የወታደሩ ስም ፒርጎፖሊኒኬስ ነው፤ ግንብና ከተማ ድል የሚያደርግ እንደ ማለት ነው። አጠገቡ ያለው ጥገኛ አርቶትሮገስ፣ ማለትም እንጀራ ቆርጣሚ ይባላል። ተውኔቱ ሲከፈት ወታደሩ የጋሻውን ነጸብራቅ ከፀሐይ እንዲያስበልጡ አገልጋዮቹን ያዝዛል፤ ጥገኛው ደግሞ የጌታውን ግዳይ ይቆጥርለታል፦ በኪልቅያ 150፣ በስኪቶላትሮኒያ 100፣ ከሰርዴስ 30፣ ከመቄዶንያ 60፣ ሁሉም በአንድ ቀን የተገደሉ። ወታደሩ ድምሩ ስንት እንደሆነ ሲጠይቅ «7,000» ይለዋል፤ ወታደሩም ሒሳቡ ትክክል ነው ይላል። ትክክለኛው ድምር 340 ነው። ስኪቶላትሮኒያ የሚባል አገርም የለም፤ ፕላውተስ የእስኩቴስን ስምና ለቅጥር የሚዋጋ ወታደር የሚጠራበትን ቃል አጋጥሞ የፈጠረው ነው። ጥገኛው ከጎን ዞር ብሎ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለሆዱ ሲል መሆኑን ለተመልካቹ ይናገራል።

ይህን ክፍል ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው በእጁ ያለውን ሀብት ማስተዋል አለበት። ግዳይ መቁጠር፣ መሸለልና መፎከር በቋንቋችን የራሳቸው ቃና፣ የራሳቸው ምትና የራሳቸው አቋቋም ያላቸው ናቸው። ወታደሩን «አባ ግንብ አፍርስ» ብሎ በፈረስ ስም መጥራትና ድሉን በቀረርቶ ማሰማት ለተመልካቹ ጉራውን ከነክብደቱ ያደርስለታል። ይህ ሲደረግ ግን ታሪኩ የሚፈጸምባት ከተማ ኤፌሶን ሆና መቅረት አለባት፤ ኪልቅያና መቄዶንያም ከሐዋርያት ሥራ የሚታወቁ ስሞች ስለሆኑ መለወጥ አያስፈልጋቸውም። ተውኔቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ሸዋ ማዛወር የፕላውተስን ዋና ዘዴ ማፍረስ ነው፤ እርሱ ሮማውያንን ያሳቀው ግሪክ ለብሰው፣ በግሪክ ከተማ ቆመው፣ ድንገት የሮማን ሹመትና የሮማን ምግብ ስም እያነሡ የሚናገሩ ሰዎችን በማሳየት ነው። ሳቁ የሚኖረው በሁለቱ አገሮች መካከል ነው።

ስለ ትርጉም ከተነሣ ደግሞ «ፖኤኑለስ»፣ ማለትም «ትንሹ ካርታጎአዊ» ሊታለፍ አይችልም። በዚህ ተውኔት የተሰረቁ ሴቶች ልጆቹን የሚፈልግ ሐኖ የተባለ ካርታጎአዊ አባት ወደ መድረክ ሲገባ የሚናገረው በራሱ ቋንቋ፣ በፑኒክ ነው። ንግግሩ በላቲን ፊደል ተጽፎ የተላለፈ በመሆኑ የፑኒክን አነባበብ ለሚያጠኑ ሰዎች ከዋና ዋናዎቹ ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል። ፑኒክ እንደ ግዕዝና እንደ አማርኛ ከሴማዊ ቋንቋዎች ወገን ነው። ከሐኖ ጋር የሚነጋገረው ወጣት ቋንቋውን አያውቅም፤ ባሪያው ሚልፊዮ ግን ከእርሱ የበለጠ ፑኒክ የሚያውቅ የለም ብሎ አስተርጓሚ ይሆናል። ሐኖ «ዶኒ» ሲል፣ ይኸውም «ጌታዬ» ማለቱ ነው፣ ሚልፊዮ በላቲን ስጦታን የሚያመለክት ቃል የሰማ መስሎት «ሊሸልምህ ነው» ይላል። የእኛ አንባቢ ግን «አዶናይ» የሚለውን ስለሚያውቅ ከሚልፊዮ ቀድሞ ሊረዳው ይችላል። ቀጥሎ ሐኖ በጽሑፉ «ቦካ» ተብሎ የሰፈረ ድምፅ ያሰማል፤ ሚልፊዮ ላቲኑን ጉንጭ ይሰማና «ጉንጬን አመመኝ ይላል፤ ሐኪሞች መስለነው ይሆናል» ብሎ ይተረጉማል። በአማርኛ ድምፁ ሳይነካ «ቦካ ነው የሚለው፤ እንጀራ ጋጋሪዎች መስለነው ይሆናል» ማለት ይቻላል። ቃሉ ተለውጧል፤ ድምፁም ስሕተቱም የአስተርጓሚው ድፍረትም አልተለወጡም። ከሁሉ የሚገርመው ግን ተውኔቱ የካርታጎ ጦርነት ትውስታ ገና ባልበረደበት ዘመን ቀርቦ፣ በመጨረሻ የሚከበረው ይህ የጠላት አገር አባት መሆኑ ነው።

እስካሁን ስለ ሳቁ ነበር። አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ልምጣ። በእነዚህ ተውኔቶች ውስጥ ባሪያ ይገረፋል፤ ባይገረፍም እንደሚገረፍ ይዛትበታል። በ«ጉረኛው ወታደር» ስኬሌድረስ የተባለው ባሪያ መስቀል ላይ እንደሚሰቀል ሲነገረው፣ መቃብሩ መስቀል እንደሚሆን እንደሚያውቅ፣ አባቱም፣ አያቱም፣ ቅድመ አያቱም፣ ምንዥላቱም ያረፉት በዚያው መሆኑን ይመልሳል። ስንኙ አስቂኝ ሆኖ የተሠራ ነው፤ የሮማ መኳንንት የሚኮሩበትን የዘር ቆጠራ ባሪያ ሲጠቀምበት ተመልካቹ ይስቃል። ነገር ግን በሮማ ሕግ ባሪያ አባት የለውም፤ የሚቆጥረው ዘር እንዲኖረው አይፈቀድለትም። በተመልካቹ መካከል ደግሞ ባሮች ነበሩ፤ ከተዋናዮቹም መካከል ነበሩ። ይህን ስንኝ «እቀጣለሁ» ብሎ የሚያለዝብ ትርጉም ጸሐፊው ያኖረውን መራራ ነገር ይሰርቃል። አማርኛ እስከ ምንዥላት ድረስ የሚቆጥርበት ስም ያለው ቋንቋ ስለሆነ አንድም ትውልድ ሳይዘለል መጠራት አለበት።

የቴሬንስ «ጃንደረባው» በዚህ ረገድ ለአማርኛ አንባቢ ልዩ ነው። ተውኔቱ በ161 ሲቀርብ ከዚያ በፊት ለማንኛውም ኮሜዲ ያልተከፈለ 8,000 ሴስተርስ (የሮማ ገንዘብ) እንደተከፈለበት ስዌቶኒየስ ጽፏል። በታሪኩ ፌድሪያ የተባለው ወጣት ለሚያፈቅራት ለታይስ ሁለት ሰዎችን በስጦታ ይሰጣል፤ አንዱ ጃንደረባ ነው፤ ሌላዋ «ከኢትዮጵያ» የመጣች ትንሽ አገልጋይ ናት። ለሁለቱ የከፈለው 20 ሚና ነው። ልጅቷ ወደ መድረክ ስትቀርብ ከኢትዮጵያ ድረስ የመጣች መሆኗ ይነገራል፤ በዚህም ተውኔት ያለው ጉረኛ ወታደር አይቶ «ሦስት ሚና ታወጣለች» ይላል፤ አጠገቡ ያለው ጥገኛ «እሱንም በመከራ» ይላል። ልጅቷ በተውኔቱ ውስጥ አንድ ቃል አትናገርም። ግሪኮችና ሮማውያን ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጠቅላላው ስለሆነ፣ ተርጓሚ ቃሉን እንዳለ ቢተወው ተመልካቹ የዛሬዋን አገር ብቻ ያስባል የሚል ስጋት ሊነሣ ይችላል። እኔ ግን እንዳለ መተው አለበት እላለሁ፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም በዚሁ ሰፊ ትርጉም ይጠቀምበታል፤ አዘጋጁ ሊያስብበት የሚገባውም ያች ዝም ያለች ልጅ ሁለት ወንዶች ዋጋዋን ሲገምቱ በመድረክ ላይ እንዴት እንደምትቆም ነው።

በዚሁ ተውኔት የፌድሪያ ወንድም ጃንደረባውን መስሎ ወደ ታይስ ቤት ገብቶ አንዲት ልጅ አስገድዶ ይደፍራል። ልጅቷ ልብሷ ተቀድዶ እያለቀሰች መናገር እንዳቃታት አገልጋይቱ ትናገራለች። በመጨረሻ ነጻ ተወላጅ መሆኗ ሲታወቅ ለደፈራት ሰው ትዳራለች፤ ያም እንደ መልካም ፍጻሜ ይቆጠራል። ይህን ድርጊት ማባበል ወይም ማሽኮርመም በሚመስል ቃል መሸፈን ጥንታዊነቱን ማክበር አይደለም፤ ቴሬንስ ራሱ የልጅቷን እንባ ሳይሸፍን ጽፎታልና።

ወደ ዘመናችን የደረሰበት መንገድ ረጅም ነው። ከፕላውተስ የብራና ጽሑፎች ጥንታዊው በሚላኖ የሚገኘው ሲሆን፣ በአንድ ዘመን ጽሑፉ ተፍቆ በላዩ መጽሐፈ ነገሥት ተጽፎበት፣ በ1815 እ.ኤ.አ. አንጄሎ ማይ ከሥሩ የፕላውተስን ቃላት አገኘ። በ1429 ደግሞ ለብዙ ዘመን ጠፍተው የነበሩ 12 ተውኔቶች የያዘ ጥራዝ ከጀርመን ወደ ሮማ መጣ። ከዚያ በኋላ ትርጉሞቹ ተከታትለዋል፤ በ1486 በፌራራ ከተማ ስለ መንትዮች የሚተርከው የፕላውተስ «ሜኔክሚ» በኢጣልያንኛ ተመልሶ ታየ። ሼክስፒር የመንትዮቹን ታሪክ ከዚሁ ተውኔት ወሰደ። ሞሊየርም በ1668 የስስታሙን ሽማግሌ ታሪክ ከፕላውተስ «ድስቷ» ወስዶ ሠራ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሞሊየርን ወደ አማርኛ ሲመልስ የሮማ ኮሜዲ የልጅ ልጅ በመድረካችን ላይ ቆሟል ማለት ይቻላል፤ አያቱ ግን ቢመጣ ደስ ይለኛል።

የዛሬዎቹ ትርጉሞች በሁለት ጎራ ይመደባሉ። አንዱ ላቲኑን በአንድ ገጽ፣ ትርጉሙን ፊት ለፊት የሚያኖር ለንባብ የተሠራ ነው፤ ከ2011 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ዴ ሜሎ የተባለ ምሁር ያወጣቸው አምስት የፕላውተስ ጥራዞች የዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሁለተኛው ለመድረክ የሚሠራ ነው፤ ኤሚ ሪችሊን የተባለች ምሁር በ2005 ባሳተመችው ሥራ ሦስት የፕላውተስ ተውኔቶችን በዘመኑ የአሜሪካ የመንገድ ቋንቋ መልሳለች። የኋለኛው ዓይነት ትርጉም ቶሎ ያረጃል፤ የዛሬ ቀልድ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማብራሪያ ይፈልጋል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ አልቆጥረውም፤ ፕላውተስም የጻፈው ለዚያ በዓል፣ ለዚያ ሳምንት ሕዝብ ነበርና፤ ለየትውልዱ አዲስ የመድረክ ትርጉም መሠራቱ ከተውኔቱ ባሕርይ ጋር ይስማማል። ለማጥናት የሚፈልግ ደግሞ የመጀመሪያውን ዓይነት ያገኛል።

በአማርኛ ከየትኛው ይጀመር ለሚል ሰው እኔ የምመርጠው «ድስቷ»ን ነው። ስስታሙ ዩክሊዮ ወርቅ የሞላበት ድስት በቤቱ ምድጃ ሥር ተቀብሮ ያገኛል፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ያጣል፤ ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ወርቁን ያወቀበት ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የዚህ ተውኔት መጨረሻ ጠፍቷል። ከጠፋው ክፍል በሌሎች ጸሐፍት ተጠቅሰው የተረፉ ጥቂት ስንኞች አሉ፤ በአንዱ ላይ አንድ ሰው ሌሊትም ቀንም ዕረፍት እንዳልነበረውና አሁን ግን እንደሚተኛ ይናገራል፤ ይህም ዩክሊዮ ድስቱን ከልጁ ጋር ለአማቹ መስጠቱን ያመለክታል። በ15ኛው መቶ ዓመት ኡርሴዮ ኮድሮ የተባለ የቦሎኛ ምሁር የራሱን ፍጻሜ በላቲን ጽፎ ጨምሮበታል። የአማርኛ ተርጓሚም ለመድረክ ሲሠራ ፍጻሜ መጻፍ ግድ ይለዋል፤ ያን ሲያደርግ የተረፉትን ስንኞች በየቦታቸው ያስገባ፣ በታተመው መጽሐፍ ላይም የፕላውተስ ቃል የት ላይ እንዳበቃና የራሱ ከየት እንደጀመረ በግልጽ ምልክት ያድርግ።